ቴሌቪዥኑ የየት አገር ነው?

ስሙኝማ! አሮጌ ቴሌቪዥን ሲያጋጥማችሁ፣ አያት ቤት ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠም ይሁን ምናለሽ ተራ ከብረታ ብረቱ መሀል ብቅ ያለ፣ መጀመሪያ «ይሠራል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ለየት አገር ተብሎ ነው የተሠራው?» በሉ። የእጅ ሰዓት የትም ተሠርቶ የትም ይቆጥራል። ያ ከኋላው ሆዱ የተነፋ፣ መስታወቱ የሚከብድ ቴሌቪዥን ግን ሲሠራ የአንድ አገር መብራት፣ የአንድ አገር የሥርጭት ደንብ፣ የአንድ አገር የቀለም ሥርዓት፣ አልፎ ተርፎም የዚያ አገር መሬት መግነጢስ ታስቦለት ነው። አገር ሲቀይር ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ከውጭ የመጡ አሮጌ ቴሌቪዥኖችን መሰብሰብና መጠገን ከሌላው የጥገና ሥራ ሁሉ የሚማርከኝ በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለው ቴሌቪዥን ምንም አልሆነም፤ የመጣበትን አገር ቋንቋ ብቻ ስለሚያውቅ ነው ዝም ያለው። እንዴት እንደሚግባቡት ልንገራችሁ። አንዴ ከገባችሁ ደግሞ በየቤቱ ቴሌቪዥን ስታዩ ጀርባውን ሳታዞሩ አታልፉም።

ጀርባው ምን ይላል?

ከሁሉ በፊት ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ወይም የተቀረጸችውን ትንሽ ጽሑፍ ፈልጉ። የሞዴል ቁጥር፣ ቮልት፣ ሄርትዝ፣ አንዳንዴም የሥርጭት ሥርዓቱ ስም ተጽፎባታል። 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ የሚል ከሆነ ለአሜሪካ ወይም ለካናዳ ገበያ የተሠራ ነው። 100 ቮልት ካለ የጃፓን የውስጥ ገበያ ነው። 220 ወይም 240 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ ካለ ደግሞ የአውሮፓ፣ የመካከለኛው ምሥራቅ ወይም የኛው ዓይነት አገር ነው። ከ110 እስከ 240 ቮልት የሚል ካገኛችሁ ፋብሪካው ለብዙ አገር አስቦ ነው የሠራው፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰዎች ይዘዋቸው የገቡ ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

ይህች ጽሑፍ ለምን ትቀድማለች? ለአሜሪካ የተሠራ ቴሌቪዥን የኛ ሶኬት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ከለመደው እጥፍ ገደማ ኃይል ይገባበታል። ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ ብቻ ተቃጥሎ ሌላውን ያድነዋል፤ ካልሆነ ኃይል የሚያጠራቅመው ትልቁ ኮንደንሰር ይፈነዳል፣ ትራንዚስተሮቹም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው የዋት መጠንም ቴሌቪዥኑ ከሚፈልገው በደንብ መብለጥ አለበት። ስታቢላይዘር ይህን ሥራ አይሠራም፤ እሱ የሚጠብቀው መብራቱ ከፍና ዝቅ እንዳይል ነው።

ዓለም በሦስት የተከፈለበት ዘመን

አሁን ወደሚያስደንቀው ታሪክ እንግባ። ቴሌቪዥን ሲጀመር የመሐንዲሶቹ ትልቅ ራስ ምታት የመብራት ኃይሉ ራሱ ነበር። የመብራቱ ምት ምስሉ ውስጥ እየገባ ጥቁር ጥላ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሳፈፍ ያደርጋል። መፍትሔው ብልህ ነበር፤ ስክሪኑ በሴኮንድ ውስጥ የሚታደስበትን ብዛት ከአገሩ መብራት ምት ጋር ማስተካከል። አሜሪካ መብራቷ 60 ሄርትዝ ስለሆነ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚታደስ፣ 525 መስመር ያለው ምስል መረጠች። አውሮፓ መብራቷ 50 ሄርትዝ ስለሆነ 50 ጊዜ የሚታደስ፣ ኋላ ላይ በብዙው አገር 625 መስመር የሆነ ምስል ያዘች። እንግሊዝ ደግሞ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1936 በጀመረበት 405 መስመር እስከ 1985 መጀመሪያ ድረስ ጎን ለጎን ስታሠራጭ ቆይታለች።

ከዚያ ቀለም መጣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤንቲኤስሲ የተባለውን ሥርዓት አጸደቀች። ችግሩ ሞገዱ በመንገድ ላይ ትንሽ ሲዛባ የሰው ፊት ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ ለዚህም ነው የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች የፊት ቀለም የሚያስተካክል አንድ ተጨማሪ ቁልፍ የነበራቸው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ቫልተር ብሩክ በቴሌፉንከን ኩባንያ ውስጥ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓል የተባለውን ዘዴ አመጣ። ሐሳቡ ቀላልና ውብ ነው፤ የቀለሙን መልእክት በአንዱ መስመር እንዳለ፣ በሚቀጥለው መስመር ገልብጦ ይልከዋል። በመንገድ ላይ ስህተት ከገባ በአንዱ መስመር ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ሁለቱ ሲደመሩ ይጠፋፋሉ። ፈረንሳይ በበኩሏ ሴካም የተባለውን ሦስተኛ ሥርዓት ሠራች፤ ሶቪየት ኅብረትም ያንኑ ተከተለች። የምዕራብ ጀርመንና የእንግሊዝ ፓል፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ሴካም፣ አራቱም ሥርጭት የጀመሩት በአንድ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሥራ ጀመረ። ቀለም የታየው በደርግ ዘመን ነው፤ የተመረጠውም ባለ 625 መስመሩ ፓል ነው። ስለዚህ ወደ አገራችን የገባ ማንኛውም ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ለማሳየት ከዚህ ሥርዓት ጋር መስማማት ነበረበት።

አለመግባባቱ ምን ይመስላል?

አንድ እንግዳ ቴሌቪዥን ከኛ ሥርጭት ጋር አራት ነገሮች ላይ መስማማት አለበት፤ ኃይሉ ላይ፣ መስመሩ ላይ፣ ቀለሙ ላይ፣ ድምፁ ላይ። ደስ የሚለው ነገር እያንዳንዱ አለመግባባት የራሱ መልክ አለው። ስክሪኑን አይታችሁ ችግሩ የት እንዳለ መናገር ትችላላችሁ።

ምስሉ ሳያቋርጥ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚንከባለል ከሆነ የ50ና የ60 ጠብ ነው። በድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖች ጀርባ ላይ ይህን የሚያስተካክል ቁልፍ አለ፤ ቀስ ብለው ሲያዞሩት ምስሉ ይቆማል። የአግድም መስመሮቹ ፍጥነት በሁለቱ ሥርዓቶች በጣም ይቀራረባል፤ የአውሮፓው በሴኮንድ 15,625፣ የአሜሪካው ጥቁርና ነጭ 15,750 ነው። በዚህም የተነሳ አሜሪካ ሠራሽ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ የኛን ዓይነት ምስል ማስቆም የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም።

ምስሉ ጥርት ብሎ ቀለም ብቻ ከሌለው ቴሌቪዥኑ የቀለሙን ቋንቋ አልተረዳም ማለት ነው። የሴካም ብቻ ወይም የኤንቲኤስሲ ብቻ የሆነ ቴሌቪዥን የፓልን ምስል በጥቁርና ነጭ ያሳያል። የቀለም ክፍሉ ያልገባውን መልእክት ሲያገኝ ራሱን እንዲዘጋ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ከአሜሪካ የተላከ የሠርግ የቪዲዮ ካሴት እዚህ ሲከፈት ሙሽሪት ያለ ቀለም የምትታየው፣ ምስሉም የሚንከባለለው በዚሁ ምክንያት ነበር። ካሴቱም ማጫወቻውም ደህና ናቸው፤ አገራቸው ነው የተለያየው።

ምስልና ቀለም ኖሮ ድምፁ ጩኸት ብቻ ከሆነስ? ይህ የብዙ ሰው እንቆቅልሽ ነው። ድምፅ ከምስሉ የሞገድ ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ ይላክ ነበር፤ ርቀቱ ግን በየአገሩ ይለያይ ነበር። በአሜሪካ 4.5 ሜጋ ሄርትዝ፣ በአብዛኛው ምዕራብ አውሮፓና በኛ 5.5፣ በእንግሊዝ 6.0፣ በሶቪየት ኅብረትና በቻይና 6.5 ነበር። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፓል ስለሆነ ከነቀለሙ ያሳያችኋል፤ ድምፁን ግን 6.0 ላይ ሲፈልግ እኛ 5.5 ላይ ልከንለታል። ልምድ ያለው ጠጋኝ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጥቅል ሽቦ በፕላስቲክ መፍቻ በጥንቃቄ ያዞራል፤ ወይም የድምፁን ማጣሪያ ይቀይራል። ያን ጊዜ ድምፁ ጥርት ብሎ ሲመጣ የሚሰማችሁ ደስታ ልዩ ነው።

ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝ 625 መስመሩን ያሠራጨችው ዩኤችኤፍ በሚባለው ከፍተኛ ሞገድ ብቻ ስለነበር ብዙዎቹ የቀለም ቴሌቪዥኖቿ ከዚያ በታች ያለውን ቪኤችኤፍ ጨርሶ አይፈልጉም። በቪኤችኤፍ የሚሠራጭ ጣቢያ ባለበት ከተማ እንዲህ ያለው ቴሌቪዥን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ምንም ጣቢያ አያገኝም። እንዲህ ያለውን ቴሌቪዥን ሲጠግን የነበረ ሰው ያልታመመ በሽተኛ ፊት እንደቆመ ነው፤ ክፍሎቹን ሁሉ ለክቶ ሁሉም ደህና ይሆኑበታል።

የምድር መግነጢስም ይቆጠራል

ይህን ስነግራችሁ ብዙዎቻችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ግን እውነት ነው። የቀለም ቴሌቪዥን ውስጥ ሦስት የኤሌክትሮን ጨረሮች አሉ፤ አንዱ ለቀይ፣ አንዱ ለአረንጓዴ፣ አንዱ ለሰማያዊ። እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ብቻ እንዲመታ ከመስታወቱ ጀርባ ቀዳዳ የበዛበት ስስ ብረት ተደርጓል። የምድር መግነጢስ ጨረሮቹን በጥቂቱ ይጎትታቸዋል፤ ያ ጥቂት ደግሞ ቀይ መሆን የነበረበትን ጥግ ወደ ሰማያዊ ለማድረግ ይበቃል። መግነጢሱ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ወደ መሬት፣ በደቡቡ ከመሬት ወደ ላይ ስለሚያዘነብል ፋብሪካዎች አንዳንድ ሞኒተሮችን ለሰሜን፣ ለደቡብና ለምድር ወገብ አካባቢ ብለው ለየብቻ ያስተካክሉ ነበር።

መግነጢሳዊው የምድር ወገብ የሚያልፈው ደግሞ በኢትዮጵያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ብዙ ሳታዘነብል አግድም ማለት ይቻላል ትቀመጣለች። ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ቴሌቪዥን እዚህ ሲከፈት ጥጎቹ ላይ ትንሽ የቀለም ነጠብጣብ ቢያሳይ እንግዲህ ከአገሩ መግነጢስ ስለተለየ ሊሆን ይችላል። በቱቦው አንገት ላይ ያሉት የመግነጢስ ቀለበቶች በጥቂቱ ሲዞሩ ይስተካከላል።

ቴሌቪዥኑን ስትከፍቱት «ድምም» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በመስታወቱ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ ለቅጽበት ኃይለኛ ተለዋዋጭ መግነጢስ ፈጥሮ ያ ስስ ብረት የያዘውን መግነጢስ እየጠረገ ነው። ስፒከር አጠገቡ አስቀምጣችሁ ጥጉ አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ስፒከሩን አርቁና ለግማሽ ሰዓት ያህል አጥፍታችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ብትደግሙት ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

በመስታወቱ ውስጥ ያለው ተአምር

ፒክቸር ቲዩብ የምንለው ውስጡ አየር የሌለው ትልቅ መስታወት ነው። አንገቱ ውስጥ ያለው ትንሽ ማሞቂያ ግሎ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ከፊት ያለው ወደ 25,000 የሚጠጋ ቮልት ይስባቸዋል። በዚህ ኃይል የተሳበ ኤሌክትሮን የብርሃንን ፍጥነት ሢሶ ገደማ ይዞ ስክሪኑን ይመታል፤ የተመታው ቅብ ያበራል። ጨረሩም ብራና ላይ እንደሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ከግራ ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ መስመር ጨርሶ ወደሚቀጥለው እየወረደ ሙሉ ምስሉን ይጽፋል፤ መጀመሪያ ጎዶሎ መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ሙሉዎቹን። በማንኛውም ቅጽበት ስክሪኑ ላይ በደንብ የሚያበራው ጨረሩ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ቀሪውን ምስል የሚይዝልን ዓይናችንና አእምሯችን ነው።

ልጆች ሆናችሁ ቴሌቪዥን ከሌላ ክፍል ተከፍቶ እንደሆነ በቀጭን «ሲይይ» ድምፅ ታውቁ ነበር? ያ ድምፅ በሴኮንድ 15,625 ጊዜ የሚመታው የመስመሩ ምት ነው። ጨረሩን ወደ ግራና ቀኝ የሚያመላልሰው ክፍል፣ በተለይም ፍላይባክ የሚባለው ትራንስፎርመር፣ በዚያ ምት ይንቀጠቀጣል። የሰው ጆሮ ዕድሜው ሲገፋ ከፍተኛውን ድምፅ ቀድሞ ስለሚያጣ ልጆች የሚሰሙትን አባቶች አይሰሙትም።

ጣቢያ በሌለበት የሚታየው በረዶ የሚመስል ግርግር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። አብዛኛው ከቴሌቪዥኑ ራሱና ከአካባቢው የሚመጣ ጫጫታ ነው፤ ጥቂቱ ግን ከዓለም ጅማሬ የተረፈ ጨረር ነው። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በትልቅ አንቴና ያገኙት፣ በ1978 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ያው ጨረር በአሮጌው አንቴና በኩል ሳሎናችን ይገባ ነበር።

ሕመሙን ከመልኩ ማወቅ

አገሩን ለይታችሁ አስማምታችሁት አሁንም ካልሠራ ያኔ እውነተኛ ብልሽት አለ። የተለመዱትን ላስተዋውቃችሁ።

ስክሪኑ መሀል ላይ አንዲት ደማቅ አግድም መስመር ብቻ ካለች ጨረሩን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ቆሟል። ወዲያው አጥፉት፤ ያቺ መስመር ስክሪኑን ታቃጥለዋለች። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አይሲ የሚባለው ቺፕ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ነው።

ምስሉ ከላይ ተጨማድዶ ከታች ከጎደለ ኮንደንሰር ደርቋል። ኮንደንሰር ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ብዛት ከዓመት ዓመት ይጠፋል፤ ስለዚህ አሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ጭንቅላቱ ያበጠ ወይም ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካያችሁ አትጠራጠሩ። ስትቀይሩ የማይክሮፋራዱ መጠን አንድ ዓይነት፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀት የሚችለውም 105 ዲግሪ የሚል ይሁን።

አንድ ቀለም ብቻ ከጠፋ ወይም ምስሉ በሙሉ ወደ አንድ ቀለም ካጋደለ በቱቦው ጀርባ የተሰካችውን ትንሽ ካርድ ብየዳ ተመልከቱ። እሷ ደህና ከሆነች ከሦስቱ አንዱ የኤሌክትሮን ምንጭ ደክሟል ማለት ነው።

በጥፊ ሲመታ የሚመለሰው ቴሌቪዥንስ? ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይገባናል። እንደ ፍላይባክ ያሉ ከባድና የሚሞቁ ክፍሎች ሲግሉ ይለጠጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ይሰበሰባሉ። ከዓመታት በኋላ በእግራቸው ዙሪያ ያለው ብየዳ በዓይን በማይታይ ቀለበት ይሰነጠቃል። ጥፊው ስንጥቁን ለጊዜው ያገናኘዋል። መድኃኒቱ ግን ያን እግር በማጉያ መነጽር ፈልጎ አሮጌውን ብየዳ አንስቶ በአዲስ መበየድ ነው። ብዙ ቴሌቪዥን ምንም ዕቃ ሳይቀየርለት በዚህ ብቻ ድኗል። ስንጥቁ በቆየ ቁጥር ግን ብልጭታው ቦርዱን ያቃጥላልና ጥፊውን ልማድ አታድርጉት።

ሌላም ልብ በሉ። በድሮዎቹ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የሶቪየት ቴሌቪዥኖች ውስጥ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ሥዕል ታጥፎ ወይም በክዳኑ ውስጠኛ በኩል ተለጥፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ካገኛችሁት ከወርቅ በላይ ያዙት፤ ፎቶ አንሱት፣ ለሌሎችም አካፍሉ።

እባካችሁ፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን በሙሉ ልባችሁ ስሙ። ቴሌቪዥን ከሶኬት ተነቅሎም ሊገድል ይችላል። ቱቦው ራሱ እንደ ትልቅ ኮንደንሰር በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ይቆያል፤ መብራቱን የሚያጠራቅመው ትልቁ ኮንደንሰርም እስከ 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሁለቱንም በትክክለኛ መሣሪያና በትክክለኛ ቅደም ተከተል ማራገፍ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ በብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ውስጥ ያለው ብረት በቀጥታ ከሶኬቱ መብራት ጋር የተገናኘ ነው። ሶኬቱ ላይ ሲሰካ እንደገባበት አቅጣጫ ብረቱ 220 ቮልት ሊሆን ይችላል። ጠጋኞች መብራቱን የሚለይ ትራንስፎርመር የሚጠቀሙትና በተከፈተ ቴሌቪዥን ላይ በአንድ እጅ ብቻ የሚሠሩት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ የቱቦው አንገት ቀጭን ነው። ከተሰበረ የውጭው አየር በኃይል ሲገባ መስታወቱ ሊበታተን ይችላል። ሲሸከሙት ፊቱን ወደ ደረት አድርገው እንጂ አንገቱን ይዘው አያነሱትም።

አራተኛ፣ ለዓመታት ያልተከፈተን ቴሌቪዥን እንደተገኘ ሶኬት ላይ አትሰኩት። መጀመሪያ አቧራው ይጠረግ፣ አይጥ የበላው ገመድ ይፈለግ፣ ኮንደንሰሮቹ ይታዩ። ጠጋኞች ከዚያ በኋላም መጀመሪያ የሚያበሩት ተራ የድሮ አምፖል በመስመሩ ላይ ጣልቃ አስገብተው ነው። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ይተርፋል።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከልምድ ባለቤት አጠገብ ተቀመጡና ተማሩ። ይህ ሙያ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው።

ዛሬ ምን ያሳያል?

«እሺ ተጠገነ፤ ከዚያስ ምን እንይበት?» ትሉኛላችሁ። ቀላል ነው። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ መሰኪያ ካለው ከዲሽ ሪሲቨሩ በቀጥታ ይገናኛል። ሪሲቨሩ ኤችዲኤምአይ ብቻ ካለው ወደ እነዚያ ሦስት ገመዶች የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ገበያ ላይ አለ። ቴሌቪዥኑ የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ካለው ደግሞ ምስልና ድምፁን ወደ ጣቢያ ሞገድ የሚለውጥ ሞዱሌተር ያስፈልጋል። ያ ሞዱሌተር የሚሠራበት ጣቢያ የእናንተ ቴሌቪዥን የሚያገኘው መሆኑን፣ ድምፁም በ5.5 ወይም በሚስማማው መጠን መላኩን አረጋግጡ።

እዚህ ላይ ነው ደስ የሚለው መገላበጥ የሚመጣው። ዛሬ ብዙ ሪሲቨሮች በቅንብራቸው ውስጥ ፓልና ኤንቲኤስሲን ያስመርጣሉ። ድሮ ቴሌቪዥኑ ነበር ለአገሩ ሥርጭት የሚገዛው፤ አሁን ሥርጭቱን ለቴሌቪዥኑ ማስማማት እንችላለን። የአሜሪካ ኤንቲኤስሲ ቴሌቪዥን ትራንስፎርመሩ ይሟላለት እንጂ አዲስ አበባ ውስጥ በሙሉ ቀለሙ መኖር ይችላል። የምስሉን ቅርጽም ከሰፊው ወደ 4 በ3 መልሱት፤ አለዚያ ሰው ሁሉ ቀጥኖና ረዝሞ ይታያችኋል።

ለምን እንሰብስባቸው?

ፒክቸር ቲዩብ ያለው የቤት ቴሌቪዥን ማምረት ቀርቷል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1968 ትሪኒትሮንን ሲያወጣ ቀዳዳ በበዛበት ብረት ፈንታ ከላይ ወደ ታች የተወጠሩ ቀጫጭን ብረቶችን ተጠቅሞ ከተፎካካሪዎቹ የደመቀ ምስል አገኘ። ነጭ ምስል ላይ ቀርባችሁ ስታዩ አንድ ወይም ሁለት ፀጉር የሚያህሉ አግድም ጥላዎች ካያችሁ ጥፋት አይደለም፤ ብረቶቹ እንዳይንቀጠቀጡ የያዛቸው ሽቦ ነው፤ ትሪኒትሮን ለመሆኑም ጥሩ ምልክት። ያን የመሰለ ሥራ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 አብቅቷል። ስለዚህ ዛሬ የተሰበረ ቱቦ የሚተካው ከሌላ አሮጌ ቴሌቪዥን ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ዋጋቸውን የተረዱ ሰዎች እስከ የት እንደሚሄዱ ላሳያችሁ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1989 ባለ 43 ኢንች ቱቦ ያለው፣ ወደ 200 ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ቴሌቪዥን አወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 40,000 ዶላር ነበር። አንድም የተረፈ የለም ሲባል ቆይቶ አንዱ ጃፓን ኦሳካ ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ተገኘ፤ ሕንፃው ሊፈርስ ሲል አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች ባሕር አሻግረው ወስደው ጠገኑት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ታሪኩ ሲወጣ ዓለም ተደነቀ። አሁን እናንተ ከሌላው ተመልካች አንድ ነገር በላይ ታውቃላችሁ፤ ጃፓንና አሜሪካ ሁለቱም ኤንቲኤስሲ ነበሩ፤ መስመሩም ቀለሙም ይስማማል። ስለዚህ ከአራቱ ስምምነቶች ዋነኞቹ ከመነሻው ተሟልተውለት ነበር።

ከአገር ውጭ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ ዕድሉ ቅርባችሁ ነው። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ያላችሁ ጎረቤታችሁ ሂሊያርድ ውስጥ የጥንት ቴሌቪዥኖች ሙዚየም አለ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቴሌቪዥኖችን ጭምር ይዟል። ቶሮንቶ ያላችሁም ኤምዜድ ቲቪ የተባለውን ሙዚየም ጎብኙ።

አሮጌ ቴሌቪዥን ዝም ብሎ የሚጣል ዕቃም አይደለም። የቱቦው መስታወት ጨረር እንዳይወጣ እርሳስ ተቀላቅሎበታል፤ በትልቅ ቱቦ ውስጥ ከኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ተሰብሮ ሜዳ ላይ ሲቀር አፈሩንና ውኃውን ይጎዳል። ጠግኖ ማቆየት ከእርሳሱም ይጠብቀናል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ቤታችሁ ወይም ዘመድ ቤት አሮጌ ቴሌቪዥን ካለ ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ ጽሑፉን ፎቶ አንሱ። ማን ከየት እንዳመጣው፣ በየትኛው ዓመት እንደገባ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያም በሰፈራችሁ ያሉትን አንጋፋ የቴሌቪዥን ጠጋኞች ፈልጋችሁ አሳዩአቸው። እነዚህ ሰዎች የፋብሪካ ሥልጠና ሳያገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜም ያለ ዑደት ሥዕል፣ የጃፓኑን፣ የሆላንዱን፣ የጀርመኑንና የአሜሪካኑን ቴሌቪዥን ከኛ መብራትና ከኛ ሥርጭት ጋር አስማምተው ቤታችንን በምስል ሞልተውታል። የትኛው ጥቅል እንደሚዞር፣ የትኛው ዕቃ በምን እንደሚተካ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አብዛኛው በወረቀት አልሰፈረም። ቴሌቪዥኑን ካስቀመጥን እውቀቱንም አብረን እናስቀምጥ፤ እነሱ እያሉ እንጠይቃቸው፣ የነገሩንንም እንጻፍ።